ስክራብል ከኮምፒውተር ጋር፦ 40 ነጥቡን ልውሰድ ወይስ ፊደሎቼን ልያዝ?

የጦሳ_ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በእንግሊዝኛው ስክራብል (ፊደል እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት የሰሌዳ ጨዋታ)፣ በኮሊንስ መዝገበ ቃላት፣ በመጨረሻው የችግር ደረጃ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የምጫወተው። ኪቦርዴ አማርኛ ብቻ ስለሆነ ፊደሎቹን በስማቸው እጽፋለሁ፤ በሰረዝ የተያያዘው ቃል ነው። ኤ የመጀመሪያው፣ ኢ አምስተኛው፣ አይ ዘጠነኛው ፊደል መሆናቸውን ልብ በሉልኝ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚምታታው።

እኔ 128፣ ማሽኑ 141። ከረጢት ውስጥ 52 ፊደል ቀርቷል። እጄ ላይ ኪው፣ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ አሉ። ሰሌዳው ላይ በ5ኛው ረድፍ፣ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ሳጥን «ቢ-አይ-አር-አር» ተጽፏል (የኛው ብር ነው፣ መዝገበ ቃላቱ ያውቀዋል)። ከቀኙ ያለው 11ኛ ዓምድ ከላይ ጀምሮ እስከ 11ኛው ረድፍ ባዶ ነው፣ ጎንና ጎኑም እንዲሁ። ሦስት ነገር ታየኝ፦

ሀ. «ኪው-ኤ-ቲ-ኤስ»፣ ማለትም ጫት ሲበዛ። በ11ኛው ዓምድ ከ2ኛ እስከ 5ኛ ረድፍ ቁልቁል ይወርዳል፤ ኤሷ የብር ጭራ ላይ ትለጠፋለች። ያረፈችበት ሳጥን ደብል ወርድ (የቃሉን ነጥብ በሁለት የሚያባዛ) ስለሆነ ጫቱ 26፣ ብሩ 14፣ ድምር 40።

ለ. «ኪው-ኤ-ቲ» ሌላ ጥግ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ኤ ተጠቅሜ፣ ደብል ወርድ፣ 24።

ሐ. «ኪው-አይ»። ኪውን ብቻዋን ከብር አይ በላይ፣ 4ኛው ረድፍ ላይ ያለው ደብል ሌተር (የፊደሏን ነጥብ ብቻ በሁለት የሚያባዛ) ላይ፣ 21።

40ው ያጓጓል፣ ወዲያው መሪ ያደርገኛል። ግን የሚቀሩኝ ኢ፣ አይ እና አር ብቻ ናቸው። እናንተ የቱን ታደርጋላችሁ? ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ፦ ጨዋታው ሊያልቅ አሥርና አሥራ አምስት ፊደል ሲቀር ማሽኑ መሪነቴን ይነጥቀኛል። እዚያ ላይ ምን እያጠፋሁ ነው?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽ ራሱ ግማሽ መልስ ነው። ሐ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ልበልሽ። ከሐ በኋላ እጅሽ ላይ የሚቀሩት ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ናቸው። እነዚህ ስድስቱ አንድ ፊደል ሲጨመርባቸው ሰባት ፊደል ያለው ቃል ከሚሠሩ ስብስቦች በጣም ሸጋዎቹ ውስጥ ናቸው። ኤን ቢመጣ «ኤስ-ቲ-ኤ-አይ-ኤን-ኢ-አር»፣ ኤም ቢመጣ «ኤስ-ኤም-ኤ-አር-ቲ-አይ-ኢ»፣ ፒ ቢመጣ ፓይሬትስ፣ ደብሊው ቢመጣ ዌይተርስ። የማይሠሩት ጄ፣ ዩ፣ ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ ብቻ ናቸው (ኪው ካንቺ ጋ ናት)። ከ100ው ፊደል እነሱ 9 ናቸው፦ ዩ አራት፣ ዋይ ሁለት፣ የቀሩት አንድ አንድ። አንቺ ያላየሻቸው ፊደሎች ደግሞ ከረጢቱ 52 እና የማሽኑ 7፣ ድምር 59። ዘጠኙም ገና አልወጡም ብንል እንኳ ከ59ኙ 50ው ቢንጎ (ሰባቱንም ፊደል በአንዴ አውጥቶ 50 ነጥብ ጉርሻ ማግኘት) ይሰጡሻል፣ 85 በመቶ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የት ይገባል የሚለው። ኤስሽን ለ40 ነጥብ ልታውዪባት የነበረችው ያቺ ሳጥን፣ 11ኛ ዓምድ 5ኛ ረድፍ፣ ደብል ወርድ ናት ብለሻል። ስድስት ሳጥን ወደ ታች ቁጠሪ፤ 11ኛው ረድፍ ላይ ሌላ ደብል ወርድ አለ። በኤስ የሚጀምር ባለ ሰባት ፊደል ቃል ከዚያ ቁልቁል ቢወርድ ሁለቱንም ይነካል፣ ማለትም ቃሉ በ4 ይባዛል። የኤኑ ቃል 7 ነጥብ ነው፦ 28፣ ብር ሲበዛ 14፣ የቢንጎው 50፣ ድምር 92። የኤሙ ቃል 9 ነው፦ 36 እና 14 እና 50፣ 100። አራት ሳጥን ለሚሞላ ጫት ይሄን መሬት አትሽጪው።

ለ ለምን አይሆንም? ከሐ በ3 ነጥብ ይበልጣል፣ ግን ቲ ትወጣለች፣ የሚቀሩሽ አምስት ናቸው፣ ሁለት ፊደል ጎትተሽ ነው የምታሟዪው። አንድ መጎተትና ሁለት መጎተት አንድ አይደለም።

ቆጣሪው (ወልድያ)፦

ቦርከና ያለው ሒሳብ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘሎታል፦ በመካከል ማሽኑ ይጫወታል። መሬቱ ክፍት ሆኖ ይጠብቅሻል ያለሽ ማነው?

ብር በኤስ ብቻ አይደለም የሚረዝመው። እንግሊዝኛው ውስጥ የሚዞር ነገር የሚያሰማው ድምፅም «ብር» ይባላል፣ ግስም ነው፤ ስለዚህ ኢ እና ዲ ያለው ተጫዋች «ብርድ» ብሎ 9 በ2፣ 18 ነጥብ ይወስዳል፣ ያንቺም ዓምድ ይዘጋል። ከዚህ የሚገርመው «ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች» ነው፤ ወሏሂ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አለ፣ «ብሮች» ማለት ነው፣ የኛው የብዙ ቁጥር እንዳለ ገብቷል። 15 በ2፣ 30 ነጥብ። አራቱ ፊደሎች አንድ ላይ መገኘታቸው ብርቅ ነው እንጂ ማሽኑ ቢያገኛቸው አያመነታም።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ሁለት ነገር ቁጠሪ። አንደኛ፣ ኤስ እና ብላንክ (የፈለጉትን ፊደል የሚተካው ባዶው) ስንት ወጥተዋል? በጠቅላላው አራት ኤስና ሁለት ብላንክ ነው ያለው። አንዷ ኤስ ካንቺ ጋ ስለሆነች አምስት ይቀራሉ። አምስቱም ካልወጡ ማሽኑ ቢያንስ አንዱን የመያዙ ዕድል ግማሽ ያህል ነው፣ 48 በመቶ። ሁለተኛ፣ ያ ዓምድ ቢዘጋ ሌላ መግቢያ አለሽ? መግቢያው አንድ ብቻ ከሆነ እኔ 40ውን እወስዳለሁ፣ አላፍርም።

የጦሳ_ሥር፦

ቆጥሬ መጣሁ። ሁለት ኤስ እና አንድ ብላንክ ሰሌዳው ላይ ናቸው። ኤክስና ሁለት ዩም ወጥተዋል። ሌላ መግቢያ አለ፦ 12ኛው ረድፍ ላይ በቀኙ ኤስ የሚቀበል ቃል አለ፣ ከላዩ ሰባት ሳጥን ክፍት ነው።

ቦርከና_ማዶ፦

እንግዲያ አለቀ። ያልወጣው አንድ ኤስ እና አንድ ብላንክ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ከ59ኙ በሰባቱ ውስጥ አንዳቸውን የመያዙ ዕድል ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። የማይጠቅሙሽ ፊደሎችም ስድስት ብቻ ቀሩ፦ ጄ፣ ዜድ፣ ሁለት ዩ፣ ሁለት ዋይ። 53 ከ59፣ ወደ 90 በመቶ።

ቆጣሪው ላነሳው ፍርሃት መልሱ ይሄ ነው። 40ውን ወስደሽ በሚቀጥለው ተራ 30 ብታገኚ 70። 21 ወስደሽ ቢንጎ ቢሳካ 75 ይጨመራል፤ ባይሳካ 20 በይው። ሁለቱ የሚተካከሉት ቢንጎው 53 በመቶ ያህል ሲሳካ ነው። ቃሉ 90 በመቶ ካለ፣ መግቢያው ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ክፍት ሆኖ ከጠበቀሽ በቂ ነው። ሁለት መግቢያ ስላለሽ ከዚያ በላይ ነው። በኤስ የሚጀምረውን 11ኛው ዓምድ ላይ፣ በኤስ የሚያልቀውን (ፓይሬትስ፣ ዌይተርስ) 12ኛው ረድፍ ላይ። ኤፍ ከመጣ ተጠንቀቂ፤ ቃሉ «ፌረስት» ነው፣ ኤሱ ስድስተኛ ፊደል ላይ ስለሆነ ለሁለቱም አይመችም።

ቆጣሪው፦

ሁለት መግቢያ ካለ ተረታሁ። ሐ።

ጋሼ_ሰሌዳ (መርሳ)፦

ልጆቹ ሸጋ ቆጥረዋል፣ እኔ ስለ ማሽኑ ጠባይ ልጨምር። «ኮምፒውተር» ሁሉ አንድ አይደለም፣ ስልቱም የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ዓይነት ሁልጊዜ ከፍተኛውን ነጥብ ብቻ የሚመርጥ ነው። እጁ ላይ ምን እንደሚቀር አያስብም። የሚታወቀው በቀላሉ ነው፦ ለሦስትና ለአራት ነጥብ ብልጫ ኤስ ያወጣል፣ ብላንክን በ25 ነጥብ ቃል ላይ ያቃጥላል፣ ፊደል መቀየር አያውቅም፣ ትሪፕል ወርድ (የቃሉን ነጥብ በሦስት የሚያባዛ ሳጥን) አጠገብ አናባቢ ይጥላል። ሁለተኛው ዓይነት ነጥቡንም ቀሪ ፊደሉንም ደምሮ የሚመዝን ነው። ሦስተኛው፣ እንደ ኳክል ያለው፣ ጥቂት ዕጩ እርምጃዎችን ይመርጥና ለተቃዋሚው የዘፈቀደ ፊደል እያደለ ሁለት ተራ ወደፊት ደጋግሞ ይጫወታቸዋል፣ ከዚያ በአማካይ የተሻለውን ይወስዳል። ይሄ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሮንቶ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ዴቪድ ቦይስን 3 ለ 2 አሸንፏል፣ ስለዚህ በሱ መሸነፍ ነውር የለውም። ነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ካለሽ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁኔታውን አስገቢና አስመርምሪው፤ ከማንኛችንም የተሻለ ዳኛ ነው።

ታዲያ ለያንዳንዱ ምን ይደረጋል? ነጥብ ብቻ የሚያየው ማሽን እጁ በየጊዜው በቪና በዩ ይሞላል፤ በሱ ላይ በትዕግሥት ፊደል ማመጣጠን ብቻ ይበቃል። የሚመዝነው ማሽን ግን እጁም ሸጋ ነው፣ መዝገበ ቃላቱንም ከዳር እስከ ዳር ያውቃል። ክፍት ሰሌዳ ላይ ቢንጎ በቢንጎ ልወዳደርህ ካልሽው ያደቅሻል፣ እሱ አንድ አያመልጠውም፣ አንቺ ሦስቱን ታያለሽ ሁለቱ ያመልጡሻል። እሱን የሚጎዳው የተዘጋ ሰሌዳ ነው፦ አጫጭር ቃል፣ ጎን ለጎን መደራረብ (ሌላ ቃል አጠገብ ትይዩ መጻፍ፣ የተነካኩት ፊደሎችም ቃል እየሆኑ)፣ ከ25 እስከ 35 ነጥብ ያለው እርምጃ ደጋግሞ መውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በፐርዝ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የናይጄሪያው ዌሊንግተን ጂግሄሬና የአገሩ ልጆች የሚታወቁት በዚሁ ነው፣ ባለ አምስት ፊደሉን ቃል ሳይንቁ።

ለመደራረብ ባለ ሁለት ፊደል ቃላቱን በቃል መያዝ ግድ ነው። በ2019ኙ ኮሊንስ 127 ናቸው። ፍቺያቸውን ተዪው። ናይጄል ሪቻርድስ የፈረንሳይኛውን ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያሸንፍ ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር። የኛ ሰው ግን ትንሽ ትርፍ አለው፦ ጤፍ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ይጻፋል፣ ስለዚህ አንዱ ሰሌዳው ላይ ካለ ኤፍ ወይም ኤስ ይለጠፍበታል። ጫት በኪው፣ በኬ፣ በኬ-ኤች ሦስቱም ይሄዳል። ንጉሥና ራስም አሉ፣ እንጀራም በኮሊንስ ይሄዳል።

መዝጋት ስትፈልጊ ቪን አስቢያት። ቪ ያለበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል የለም፤ አጠገቧ ጎን ለጎን መደራረብ አይቻልም ማለት ነው። ሲም በኮሊንስ ከኤች ጋር ብቻ ነው የምትሄደው፣ ጥሩ አጥር ናት። የምትመሪ ከሆነ ቪና ሲን ክፍቱ ወገን ላይ ትከያቸው። ከ60 በላይ የምትመሪ ከሆነ መግቢያ ለመዝጋት 8ና 10 ነጥብ መክፈል ያዋጣል። የምትከተዪ ከሆነ ተቃራኒውን ነው፣ ሰሌዳውን ክፈቺ፤ መግቢያም ሁለት ሁለት አድርጊ፣ አንዱን ቢዘጋ ሌላው እንዲቀር።

የጦሳ_ሥር፦

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ሁለተኛው ጥያቄዬስ? መሪ ሆኜ መጨረሻ ላይ የምበላው?

ጋሼ_ሰሌዳ፦

እዚያ ላይ የሚበላሽ ስላልቆጠርሽ ይመስለኛል፣ ማሽኑ ይቆጥራልና።

ወረቀት ያዢ። ጨዋታው ሳይጀመር 100ውን ፊደል ጻፊ፦ ኢ 12፣ ኤ እና አይ 9፣ 9፣ ኦ 8፣ ኤን፣ አር እና ቲ 6፣ 6፣ ዲ፣ ኤል፣ ኤስ እና ዩ 4፣ 4፣ ጂ 3፣ ኬ፣ ጄ፣ ኤክስ፣ ኪው እና ዜድ 1፣ 1፣ የቀሩት ሁሉ ብላንክን ጨምሮ 2፣ 2። በየተራው የወጣውን ሰርዢ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ያልተሰረዘው፣ የእጅሽን ስትቀንሺ፣ የማሽኑ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ግምት የሚባል የለም፣ እሱም ያንቺን ያውቃል፣ አንቺም የሱን።

ስህተቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ አንድ ተራ በፊት ነው። ከረጢቱ ውስጥ አራት ቀርቷል እንበል፣ አንቺ አራት ፊደል አውጥተሽ አራቱን ጎተትሽ። ከረጢቱን ያራቆትሽው አንቺ ነሽ፤ አሁን ፊደሉ ሁሉ ታውቆ መጀመሪያ የሚጫወተው ማሽኑ ነው። ቢንጎ ካለው በአንድ እርምጃ ይወጣል፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል፣ እጅሽ ላይ የቀረውም ለሱ ይቆጠርለታል። ሦስት ብቻ አውጥተሽ አንድ ብታስቀሪ ግን ቢንጎ ቢያወጣ እንኳ ያችን አንድ መጎተት ግድ ይሆንበታል፣ ተራው ወዳንቺ ይመለሳል። መሪ ስትሆኚ ይቺን አንድ ፊደል በአምስትና በስድስት ነጥብ ኪሳራ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል።

ቆጣሪው፦

ስለ ኪውም ንገሯት እንጂ። መጨረሻ ላይ ብዙ ሰው የሚቃጠለው በሷ ነው።

ጋሼ_ሰሌዳ፦

ልክ ነህ። ፊደል መቀየር የሚቻለው ከረጢቱ ውስጥ ቢያንስ 7 ሲኖር ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ኪው እጅ ላይ ከመጣች መሸኛ የላትም፣ በቃል ብቻ ነው የምትወጣው። እጅሽ ላይ ቀርታ ጨዋታው ቢያልቅ 10 ከአንቺ ይቀነሳል፣ 10 ለማሽኑ ይጨመራል፣ የ20 ነጥብ ልዩነት። ስለዚህ ከረጢቱ ወደ 10 ሲጠጋ ወረቀትሽን እዪ፦ ኪው ወጥታለች? ካልወጣች እጅሽ ላይ አንድ አይ አቆዪ፣ ወይም ሰሌዳው ላይ ኪው የሚያስገባ ክፍት አይ መኖሩን አረጋግጪ።

ኪው ከማሽኑ ጋ መሆኗ ከታወቀ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ክፍት አይ ያለበትን ቦታ ሁሉ ቀድመሽ ዝጊ፣ ቢያስፈልግ በ2 ነጥብ። ከተዘጋበት በኋላ አትቸኩዪ፤ ሰው የሚሳሳተው ያለውን ሁሉ በአንድ ቃል አውጥቶ ጨዋታውን ለመጨረስ ሲጣደፍ ነው። ማሽኑ ማለፍ እንጂ መጫወት ካልቻለ አራት ፊደልሽን በአንድ ጊዜ ከማውጣት አንድ አንድ እያልሽ፣ በየተራው 8፣ 11፣ 6 እየለቀምሽ ጨርሺ። እሱ ኪውን ይዞ ያያል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ እየለቀምሽ ሳለ የምታስቀምጪው ፊደል አዲስ አይ እንዳይከፍትለት፤ በተለይ አይን ከግራዋ ወይም ከላይዋ ባዶ ሳጥን አስቀርተሽ አትጣያት።

ቦርከና_ማዶ፦

ይሄን ጨምሪበት፦ አይን ማውጣት ግድ ከሆነብሽ ከላይ ወይም ከግራ የሚቀረው ባዶ ሳጥን ዙሪያውን እዪው። ኪው እዚያ ሳጥን ላይ ብትቀመጥ ሌላ ፊደል የምትነካ ከሆነና የሚፈጠረው ቃል ከሌለ ቦታው ዝግ ነው። ከጎኑ ቪ ካለ ደግሞ ተኚበት።